መቀነት የሌለው ቦምቦሊኖ

ሰው ቦምቦሊኖ ሲመርጥ ቆሜ ማየት አልችልም። ጀውሃ ላይ የደሴ አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው በመስኮት እጁን ዘርግቶ ከትሪው ላይ የሚያነሣው ሁልጊዜ ያንኑ ነው፤ ትልቁን፣ ዙሪያውን አንድ ዓይነት የጠቆረውን፣ ስኳሩ ወፍሮ የሚያብለጨልጨውን። «ይኼ ነው የበሰለው» ይላል ደግሞ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው እየቆረሰ። ወገቡ ላይ ነጣ ያለ መስመር ያለበትን ግን ጥሬ ነው ብሎ ይተወዋል። ከትሪው ሁሉ የሚበላው ያ የተተወው ነበር።

ቤታቸው የሚሠሩትም ከተሳፋሪው አይሻሉም። አሁን አሁን በየቤቱ የተለመደው ትንሹ ነው፤ በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ፣ ተጠብሶ ስኳር የሚለብስ ድቡልቡል። ለልደት ይሠራል፣ ለዒድ ይሠራል፣ ቡና ላይ ከፈንዲሻው ጎን ይቀርባል። ከጅዳና ከቤሩት የተመለሱ እህቶቻችን የአረቦቹን ሉቀይማት ይዘው መጡ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ቦምቦሊኖውን አሳነሱት፣ ሁለቱ እዚህ ይፋት ቆላ ላይ ተገናኙ። የሚገርመኝ እንደ አዲስ ግኝት የሚያወራው ሰው ነው። በ1226 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ውስጥ በተጻፈ የምግብ መጽሐፍ ላይ ሳይቀር የተጠበሰ ጣፋጭ ድቡልቡል አለ። ቦምቦሊኖው ከጣልያን ነው የቀረልን። ደንኪን ዶናት በ1972 እ.ኤ.አ. «መንችኪንስ»፣ የካናዳው ቲም ሆርተንስ ደግሞ በ1976 «ቲምቢትስ» እያሉ መሸጥ ሲጀምሩ አዲስ ስም ሰጡት እንጂ ሌላ የፈጠሩት ነገር የለም።

ስለ ማቡካት አልናገርም። ፊኖ ዱቄት፣ እርሾ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ጥቂት ስኳር፣ ጥቂት ለጋ ቅቤ፣ ቁንጥጫ ጨው። የጾም ከሆነ ወተቱ በውኃ፣ ቅቤው በዘይት ይተካል፤ እንቁላሉ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ሰው አስቀድሞ ዳቦ ጋግሮ ይምጣ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ከግማሽ ኪሎ ዱቄት ሠላሳና ከዚያ በላይ ካልወጣ ድቡልቡሉ ተልቋል። አንዱ ከ25 ግራም ብዙ ካለፈ ሙቀቱ መሐሉ ሳይደርስ ላዩ ይጠቁራል። ፈረንጆቹም ትልቁን ዶናት መሐሉን የሚበሱት መሐሉ ጥሬ እንዳይቀር ነው።

ከደጋ የሚመጣው አሠራር ግን እዚህ ጉድ ያፈላል። «ለብ ባለ ወተት አቡኩና ሁለት ሰዓት ተዉት» ይላል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋሮቢት 1,280 ገደማ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን የወረደ ሰው ሹራቡን ያወልቃል፤ ሊጡስ ምን ያውልቅ? በግንቦት ሙቀት ሁለት ሰዓት የቆየ ሊጥ የጠላ ሽታ ሸትቶ፣ ልሞ፣ ከጣት ላይ አልላቀቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ይፋት ቆላ ውስጥ የሚቦካው በእንስራ ውኃ ወይም ከፍሪጅ በወጣ ወተት ነው፤ ያውም ጎሕ ሳይቀድ። ሰዓት አይታይም። ጣት ይጫናል፤ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ግማሽ ድረስ ከተመለሰ ዘይቱ ይጣድ። እንደ ተጫነ ከቀረ አልፎበታል፣ ቶሎ ዘሎ ከተመለሰ ገና ነው።

አሁን ወደ መቀነቱ።

በወጉ ኩፍ ያለ ድቡልቡል ዘይት ላይ ሲጣል አይሰጥምም፣ አይጋደምምም፤ ከግማሽ የሚበልጠው ከላይ ሆኖ ይንሳፈፋል። የታቹ ወርቅማ ሲሆን ይገለበጣል፣ የላዩ ተራውን ይጠበሳል። ወገቡ ግን ሁለቱንም ጊዜ ከዘይቱ በላይ ስለነበር ሳይጠቁር ነጣ ብሎ ይቀራል። ጥሬ አይደለም፤ ከውስጥ በራሱ እንፋሎት በስሏል። ዙሪያውን የሚሄደው ይህ መስመር እኔ በተማርኩበት ቤት መቀነት ነው የሚባለው።

ኩፍ ያላለ ሊጥ ከባድ ነው። ዘይቱ ውስጥ ወርዶ ይቀመጣል፤ ወገቡ መጀመሪያም ዘይት ውስጥ ነው፣ ከተገለበጠ በኋላም ዘይት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ይጠቁራል። የአውቶቡሱ ሰውዬ የሚያደንቀው ይህንን ነው። ሲገምጠው መሐሉ ጥርሱ ላይ ይጣበቃል፣ ዘይቱ ከንፈሩ ላይ ይቀራል፣ ጀውሃን አልፎ አጣዬ ሲደርስ ደግሞ ቃር ይዞት ሹፌሩን ውኃ ይለምናል። ጥፋቱን በዘይቱ ያላክካል። ዘይቱ ምን አደረገ?

መቀነት ያለው ሁሉ ደግሞ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ማንበብ ያስፈልጋል። በትንሹ ድቡልቡል ላይ ስፋቱ ከትንሽ ጣት መብለጥ የለበትም፤ ቀጥ ብሎ፣ ዳርና ዳሩ ለይቶ፣ ሳይቋረጥ ይዙር። በጣም ሰፍቶ ከተሸበሸበ ሊጡ ኩፍ ማለቱን አልፎ ደክሟል፤ ከዘይቱ ሲወጣ ይሟሽሻል። ጠማማ ከሆነና ሁለት ሦስት ቦታ ከተቆራረጠ የጠበሰው ሰው ትዕግሥት የለውም፤ ደጋግሞ አገላብጧል። በአንድ ወገን ብቻ ከታየ ሊጡ ሲድበለበል አየር ታፍኖበት በአንድ ጎኑ ቀልሏል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው እምቢተኛ ነው፣ ቢገለብጡት ተመልሶ ይዞራል፣ በስንጥር ወጋ ካላደረጉት አይገዛም። መቀነቱ ቡኒ ቡኒ ብሎ ከቆሸሸ ደግሞ ሰውየው በጭልፋ ዘይት እየቀዳ ላዩ ላይ ሲያፈስ ነበር። ይህን የሚያደርጉ አሉ። ነጩን አፍረውበት ነው የሚሸፍኑት! በጭልፋ ወደ ታች ደፍቀው የሚይዙም አሉ፤ ለእነርሱ የምለው የለኝም።

ትንሹ ከትልቁ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ክብ የሆነ ነገር ዘይት ላይ ፊትና ጀርባ የለውም፤ እንደ ፈለገ ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከር መቀነት አያወጣም። ስለዚህ ድቡልቡሉ ተሠርቶ ኩፍ እንዲል ሲቀመጥ ገና በመዳፍ ትንሽ ጫን ይደረጋል፤ መጥኖ፣ እንዲቀመጥ ያህል እንጂ ጠፍጥፎ አይደለም። ያኔ ሆድና ጀርባ ይኖረዋል፣ በተጣለበት ይጠበሳል፣ ሲገለብጡት ይገለበጣል። ይህን ያልተማረ ልጅ ዘይቱን ወጥ ይመስል ሲያማስል ይውልና ሁሉም አንድ ዓይነት ቡኒ ሆኖ ሲወጣለት ያጨበጭባል። እናቱም ታጨበጭባለች።

ሉቀይማት ሠሪዎች እንዳይቀየሙኝ፤ የእነርሱ ሊጥ ቀጭን ነው፣ በእጅ እየተጨመቀ ወይም በማንኪያ እየተቆረጠ ይወርዳል፣ ያለ ማቋረጥ እየተማሰለ ይጠበሳል፤ መቀነት አይጠበቅበትም። በረመዳን አመሻሽ ላይ ከሾርባውና ከሳምቡሳው ጋር ሲቀርብልኝ ወገቡን አልመረምርም። ግን የቦምቦሊኖ ሊጥ አቡክቶ እንደ ሉቀይማት እያማሰለ ጠብሶ «የአረብ ነው» የሚለኝን አልቀበልም። ወይ ይህን ይሁን፣ ወይ ያንን።

መቀነት ማንበብን ያስተማሩኝ ሸዋሮቢት ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚጠብሱ አንዲት እናት ናቸው። ሰፈሩ እትዬ ይላቸዋል፣ ከዚያ ሌላ ስም ሲጠሩ አልሰማሁም። ከሰል ምድጃቸው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ሁለት ቀጫጭን የሸንበቆ እንጨት ይዘው፣ እያንዳንዱን አንዴ ብቻ ነበር የሚገለብጡት። አንዴ! ሁለተኛ የነካ ልጅ እጁ ላይ በሸንበቆው ቸብ ይደረጋል። አንድ ቀን እጅግ ያማረ የመሰለኝን፣ ዙሪያውን የበሰለ አንሥቼ «እትዬ፣ ይኼኛው አላማረም?» አልኳቸው። አገላብጠው አዩትና «መቀነቱን ሳይታጠቅ ከቤት የወጣ ሰው ይመስላል» ብለው ወደ ጎን ጣሉት። ገዢ ፊት ነበር የጣሉት። ገዢው «እሱኑ ስጡኝ» ቢል «የሚሸጥ አይደለም» አሉት።

ሌላው አስተማሪዬ ከአሥመራ ኬክ ቤት ሠርተው የመጡ፣ ጋሼ የምንላቸው ነበሩ። ብዙ የማይናገሩ፣ ነጭ ሽርጣቸው ላይ እድፍ የማይገኝ ሰው። መቀነት ሳያወጣ የቀረውን ሁሉ በአንድ ሰሐን ይለዩና ከሻይ ጋር ለእኛ ለሠራተኞቹ ቁርስ ያደርጉታል። ያበላሸነውን ያህል እንበላ ነበር ማለት ነው። በዚህ ዘዴ የተማረ ልጅ ሁለተኛ ሳምንቱ ላይ ቁርስ ያጥርበታል። አሁን ልጆቹ ያበላሹት በስኳር ተሸፍኖ ይሸጣል፤ ታዲያ በምን ይማሩ?

ዘይትን በሁለት ቃል። ሙቀቱ ከ175 እስከ 180 ዲግሪ፤ መለኪያ የሌለው ቁራሽ ሊጥ ይጣል፣ ቶሎ ተንሳፍፎ ዙሪያው በረጋ ሁኔታ አረፋ ካወጣ ይበቃል። ከርሞ የጠቆረ ዘይት ደግሞ ቀለም ይሰጣል፣ እሱም ያታልላል። የሚረጋውን የፓልም ዘይት የሚጠቀሙ ሰዎች እዚህ ቆላ አይታወቅባቸውም፤ ሙቀታችን አቅልጦ ይይዘዋል። ያንኑ ቦምቦሊኖ ደብረ ብርሃን ይዛችሁ ብትወጡ ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ረግቶ ታገኙታላችሁ።

የስኳሩን ልባስ በመጨረሻ ያመጣሁት ጥፋቱ ሁሉ የሚደበቀው እዚያ ስለሆነ ነው። ጥሩ ልባስ ስስ ነው፤ መቀነቱ በውስጡ ይታያል። ይህ ለእኔ ምርጫ ሳይሆን ሕግ ነው። ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውኃ፣ ፈልቶ በሁለት ጣት መካከል ሲሞከር አንድ ክር ሲስብ ይወርዳል። በቴርሞሜትር የሚሠራ ሰው ልብ ይበል፤ እዚህ ውኃ 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ደብረ ብርሃን 91 ሳይሞላ፤ የደጋው ቁጥር ለቆላው አይሆንም። ሎሚ ጠብ ይደረግበታል፤ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የወጣ ሰው ሎሚ አያጣም። ለጣዕም ብቻ የሚመስላቸው አሉ፣ ግን የሎሚው ኮምጣጣነት ነው ስኳሩ ተመልሶ እንዳይጠጥር የሚያደርገው። አንድ ሁለት ፍሬ ሄል ከገባ ይበቃል። ሽሮፑ ይቀዝቅዝ፣ ድቡልቡሉ ከዘይት እንደ ወጣ በትኩሱ ይነከር፣ ወዲያው ይውጣ፣ ወንፊት ላይ ይንጠፍጠፍ። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ይረሰርሳል፤ ሁለቱም ከቀዘቀዙ ስኳሩ ላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የተፈጨ ስኳር በወተት በጥብጠው የሚቀቡት ነጩ ልባስ የኬክ ቤት ነው፤ ደጋ ላይ ያምራል። በእኛ ቀትር ግን ያልበዋል፣ ይንሸራተታል፣ ከትሪው ሥር ይጠራቀማል። እንዳይንሸራተት ብለው ያወፍሩታል። ሲወፍር ደግሞ ከሥሩ ያለው ሊጥ ይብሰል፣ አይብሰል፣ ማን ያያል? አንዳንዶቹ ቀይና አረንጓዴ ቀለም መጨመር ጀምረዋል። እንግዳው «እንዴት ያምራል!» ይላል፣ ሁለት ይበላል፣ ሦስተኛውን ጠገብኩ ይላል። ጠግቦ አይደለም፤ የበላው ሊጥ ነው ሆዱ ላይ የከበደው።

ልባሱ በቆላ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ የሚበላውን ያህል ብቻ ንከሩ፣ የቀረውን ሳትነክሩ አስቀምጡ። ገዝታችሁ የምትበሉ ከሆነ ደግሞ ያልተነከረውን አሳዩን በሉ። አገላብጣችሁ ወገቡን ተመልከቱ። ነጩን መስመር ካያችሁ ሳትከራከሩ ክፈሉ፤ ያልተነከረ የለም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን ሻያችሁን ብቻ ጠጥታችሁ ተነሡ።