ስለ ማርታ ድካምና ስለ ሰንበት ዕረፍት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አባቶቼ ካህናት፥ በየቤታችሁም ሰው የምታዝዙ ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፤ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ስለ ማርታና ስለ ማርያም የተጻፈውን ስንሰብክ የምንስተውን ነገር እንመረምር ዘንድ ይህን አጭር ሐተታ ጻፍሁ። ወንጌል ነቀፋ የለበትም፤ የምነቅፈው የእኛን አተረጓጐም፥ ከሁሉም አስቀድሞ የራሴን ነው።

የነገሩም ምክንያት እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለች በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ማርታን ነቅፌ፥ ማርያምን አመስግኜ አስተማርሁ። ሴቶች ሁሉ የምድጃውን ነገር ትተው ከጌታ እግር ሥር ይቀመጡ ዘንድ አጥብቄ መከርሁ። ቅዳሴው ከተፈጸመ በኋላ በሰንበቴው ቤት ተቀመጥን፤ ዳቦውና ጠላውም ቀረበ። ያቀረበችው ሴት ዓይኗ በጢስና በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ነበረ። መስቀል ከተሳለመች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «አባቴ፥ ማርታ ባትነሣ ኖሮ ጌታችን በዚያ ቤት ምን ይቀምስ ነበር? እኔስ ቅዳሜን ሙሉ ስጋግር ውዬ መቼ እቀመጣለሁ?» አለችኝ። እኔም ዳቦውን በእጄ እንደ ያዝሁ መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ደጋግሜ ተመለከትሁ። ጌታችን ማርታን የገሠጻት ስለ ማገልገልዋ አልነበረም፤ በብዙ ነገር ስለ መጨነቋና ስለ መታወኳ ነበረ እንጂ። ስሟንም ሁለት ጊዜ ጠራት። እንዲህ ያለ አጠራር ሁልጊዜ የቍጣ ምልክት አይደለም፤ አብርሃም ልጁን ሊሠዋ በቀረበ ጊዜ፥ ሙሴም በቍጥቋጦው አጠገብ፥ ሳሙኤልም በሌሊት ስማቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ተጠርቷል። ወዳጅን እንደሚያረጋጋ ሰው ጠራት ብንል አንሳሳትም።

ደግሞም የዮሐንስን ወንጌል የሚያነብ ሰው ማርታን በዚያች አንዲት ቀን ብቻ አይፈርድባትም። በምዕራፍ 11 ወንድሟ አልዓዛር በሞተ ጊዜ ጌታን ልትቀበል ወደ መንገድ የወጣች፥ የእግዚአብሔር ልጅ ክርስቶስ እንደ ሆነም የመሰከረች እርስዋ ናት። በምዕራፍ 12 በቢታንያ በተደረገው ራት ታገለግል እንደ ነበረ እናገኛለን፤ በዚያ ጊዜ ግን የነቀፋት የለም። ሥራዋ ያው የቀድሞው ሥራ ነው፤ በመካከሉ ሞትን ድል የሚነሣውን ጌታ አውቃለችና ልቧ ዐርፏል።

ነገር ግን ይህን ይዘን የደከመችውን ሴት «በልብሽ ዕረፊ» ብለን ሸክሟን እንዳለ ብንተወው ከፊተኛው የባሰ ስሕተት ይሆናል። ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ የሚጭኑትን፥ ራሳቸው ግን በጣታቸው የማይነኩትን ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 23 ወቅሷቸዋልና። የአገራችን ሴት ሸክም በምሳሌ የሚነገር ብቻ አይደለም። በአንኮበር አቀበት እንስራ አዝላ ትወጣለች፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ለማገዶ ኩበት ትጠፈጥፋለች፤ በመንዝም የበግ ጠጕር በእንዝርት ትፈትላለች። ልጅ ማዝሉና እህል ማሰናዳቱ ከዚህ በላይ ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 11 ደካሞችን በጠራ ጊዜ ዕረፍትንም ቀንበርንም በአንድነት ተናገረ። ይህ ነገር ላላስተዋለ ሰው የሚጣላ ይመስላል፤ የባላገር ሰው ግን ያውቀዋል። ቀንበር ለአንድ በሬ አይሠራም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ድኻ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ካልገባ መሬቱ ጦም ያድራል። እንግዲህ ጌታ ቀንበሬን ተሸከሙ ማለቱ መቀናጆ እሆናችኋለሁ ማለቱ ነው። ከእርሱ ጋር የተጠመደች ነፍስ ሥራዋ ባይቀርላትም ብቻዋን አትጐትትም። በሥጋው ወራት እርሱም ደክሞ በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጧልና የደከመችን ሴት አይንቃትም። ኤልያስም ሞትን እስኪለምን በደከመ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ እንጀራና ውኃ ሰጠው፥ እርሱም ሁለት ጊዜ ተኛ፤ ወደ ኮሬብ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ደክሟት የተኛች ሴት ጸሎቷን አጐደለች ብለን አንፍረድባት።

አሁን ደግሞ ወደ ገዛ አገራችን ታሪክ እንመለስ። በ1442 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም ባሉበት፥ በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደረገ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ስለ ቀዳሚት ሰንበት ብዙ ዘመን ሲሰደዱ ኖረው ነበር፤ በዚያ ጉባኤ ግን ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ይከበሩ ዘንድ ተወሰነ። በሲኖዶስ የተጻፈው የሐዋርያት ሥርዓትም አገልጋዮች አምስት ቀን ሠርተው በሁለቱ ሰንበታት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ዘንድ ያዝዛል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 5 ሰንበት የተሰጠበት ምክንያት ወንዱም ሴቲቱም አገልጋይ እንደ ጌታቸው ያርፉ ዘንድ መሆኑ ተገልጿል። እነሆ፥ አባቶቻችን ስደት የተቀበሉላትን ቅዳሜ እኛ በሰንበቴ ስም የእሳትና የጢስ ቀን አደረግናት። ዕርፍን ከሰቀልን፥ ቀንበርንም ከፈታን ሰንበትን ያከበርን ይመስለናል፤ ምጣዱ ግን አልወረደም።

የቡልጋ ተወላጅ የሆነች የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ገድልም ለዚህ ምስክር ነው። እኛ የምንተርከው ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዳ መመንኰሷን፥ በጣና ባሕር አጠገብ በጓንጕት መጋደሏን፥ ዲያብሎስን እንኳ ከአምላክ ጋር ልታስታርቅ መለመኗን ነው። የገድሉን መጀመሪያ ግን ፈጥነን እናልፈዋለን። ባልና ልጆች ያሏት፥ በብዙ አገልጋዮች የተከበበች እመቤት ሳለች በቍጣዋ ምክንያት አንዲት አገልጋይ ሞተችባት፤ በጸሎቷም ከተነሣችላት በኋላ ዓለምን ተወች። ዕረፍትን መፈለግ የጀመረችው ከበታችዋ ባለችው ሴት ላይ ያደረሰችውን ባየች ጊዜ ነው። ነሐሴ 24 ቀን በዓልዋን የምታከብሩ እመቤቶች ሆይ፥ ድካማችሁን በሠራተኛችሁ ጀርባ ጭናችሁ የምታገኙት ዕረፍት የክርስቶስ ዕረፍት አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሰንበቴው ይቅር አልልም፤ ድኻ የሚበላበት፥ የተጣላ የሚታረቅበት ነውና። ነገር ግን እስራኤል በበረሃ መናውን በስድስተኛው ቀን ዕጥፍ አድርገው ለቅመው እንዳሰናዱት፥ የሰንበቴው ዳቦ ዓርብ ይጋገር፤ ጠላውም አስቀድሞ ይጠመቅ። ተራው ለደረሳት ሴት ውኃውንና ማገዶውን የማኅበሩ ወንዶች ያቅርቡ። ድግሱም ይነስ፤ ጌታ ለማርታ የሚያስፈልገው ጥቂት እንደ ሆነ ነግሯታልና። ወንጌል በሚነበብበት ጊዜ በጓዳ የሚቀር አይኑር፤ ከቅዳሴ በኋላም ዲያቆናትና ጐልማሶች ያስተናግዱ። ጌታ በኅብስተ ቍርባን ቀን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ክብሩ አልተቀነሰም።

ለዚያች ሴት ያን ጊዜ ያጣሁት መልስ ይህ ነው። እኅቴ ሆይ፥ ማርታ ባትነሣ ኖሮ ጌታችን ይታገሥ ነበር፤ በአምስት እንጀራ ሕዝብን ያጠገበ ስለ ራት አይቸገርምና። ወደ ቤቷ የመጣው ሊያሳርፋት ነው። ዳቦውን የምንሻ እኛ ነን፤ ስለዚህ ሸክሙን ማንሣት የእኛ ዕዳ ነው። አንቺም እስከዚያው ድረስ በምድጃሽ አጠገብ ሆነሽ ስሙን ጥሪ፤ ስምሽን ሁለት ጊዜ ጠርቶ የሚመልስልሽ እርሱ ነው።

ለደካሞች ኀይልን የሚያድስ፥ ለነፍሳችንም ዕረፍትን የሚሰጥ እግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይድረሰው፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።