የገደል ማሚቶ በየት በኩል ትመልስ?

«ኢኮ ጨምርልኝ!» ስቱዲዮ ውስጥ ከሰላምታ ቀጥሎ አብዝቼ የምሰማው ይህንን ነው። ዘፋኙ በሠርግ ድንኳን፣ ሞንታርቦ ፊት ቆሞ ያደገ ነው፤ ድምፁ ተመልሶ ካልመጣለት የዘፈነ አይመስለውም። እኔም ለዓመታት ያለ ጥያቄ ጨመርኩ፤ ግራ ቀኙን በሪቨርብና በዲሌይ ሞላሁት። ይህን ልማዴን ያስተወኝ አንድ የቶንጎ ልጅ ነው።

ቶንጎ ከአሶሳ በስተደቡብ የምትገኝ፣ የማኦና ኮሞ አካባቢ ዋና ከተማ ናት። ልጁ በዘፈኑ ውስጥ ዋዛ እንዲገባለት ፈለገ። ዋዛ የበርታ ሕዝብ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ቅል በቅል ላይ እየተቀጠለ ይሠራል። አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ማንም ብቻውን ዜማ ሊነፋበት አይችልም። ነፊዎቹ ተራ ጠብቀው አንዱ ሲተው ሌላው ሲቀበል ነው ዜማው የሚወጣው። አሶሳ አጠገብ 12 ነፊዎችን ሜዳ ላይ በአንድ ማይክ ቀዳን።

አዲስ አበባ ተመልሼ ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ቅጂው ጠበበኝ። የተለመደችውን ዘዴ መዘዝኩ፤ ድምፁን ኮፒ አድርጌ አንዱን ሙሉ በሙሉ ግራ፣ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ቀኝ አስቀመጥኩና የቀኙን በ15 ሚሊ ሰከንድ አዘገየሁት። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ በ1949 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ጥናት እንዳሳየው፣ ጆሯችን በዚህን ያህል ቅጽበት የሚከታተሉ ሁለት ድምፆችን እንደ አንድ ይሰማል፤ አቅጣጫውንም ቀድሞ ለደረሰው ይሰጣል። በዚያ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚመላለስ ዲሌይ ጨመርኩበት። በሄድፎን ሳዳምጠው ዋዛው ሜዳ አከለ። ደስ አለኝ።

ልጁ ሥራውን ይዞ አገሩ ገባ። በሳምንቱ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ዘፈኑን ወደውታል። ግን እናቴ ‹ዋዛው የታል?› አለችኝ።»

«በምን ሰማችው?»

«በስልኬ ነዋ!»

የስልኩ ስፒከር አንድ ነው። ግራና ቀኜ እዚያ ላይ ሲደመሩ ምን እንደሆነ ለማየት እኔም ሚክሱን ወደ ሞኖ ቀየርኩት፤ ጉዴን ያየሁት ያኔ ነው። በ15 ሚሊ ሰከንድ የሚለያዩ ሁለት አንድ ዓይነት ድምፆች ሲደመሩ አንዳንዱን ፍሪኩዌንሲ ያጠፋፋሉ፣ አንዳንዱን ያጎላሉ። ከ33 ኸርዝ ጀምሮ በየ67 ኸርዙ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ 100 ላይ፣ 167 ላይ፣ 233 ላይ እያለ ይቀጥላል። ክራር ቢሆን የድምፁ መልክ ይለወጥ ነበር እንጂ ዜማው ይተርፍ ነበር። ዋዛ ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው የአንድ ድምፅ ባለቤት ነው። ድምፁ ጉድጓዱ ላይ የወደቀበት ነፊ ሳሳ፣ ጎረቤቱ ወፈረ። ስፋት ፍለጋ ወጥቼ ከ12ቱ ሰው ቀንሼ ተመለስኩ።

ዲሌዩም የራሱን ጥፋት ጨምሮ ነበር። የዋዛ ዜማ የተሠራው ከክፍተት ነው፤ አንዱ የሚነፋው ሌላው በተወለት ቦታ ነው። ዲሌይ ደግሞ የሚገባው ክፍተት ውስጥ ነው። ዋዛ ላይ ዲሌይ መጫን ያልተጠራ አሥራ ሦስተኛ ነፊ ማስገባት ነው፤ ያውም የሰውን ድምፅ እየደገመ ተራ የሚነጥቅ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ለያይቼ አስባቸዋለሁ። ሪቨርብ ቤት ነው፤ ዲሌይ ገደል ነው። ቤት ውስጥ በግራ ጥግ የቆመ ሰው ሲዘፍን ቅርቡ ግድግዳ ቶሎ፣ ሩቁ ዘግየት ብሎ ይመልስለታል፤ ስለዚህ ሪቨርቡ ዙሪያውን ሆኖ ወደ ሰውየው ያዘነብላል። ገደል ግን ከሰውየው ተለይቶ ወዲያ ማዶ ይቆማል። አባቶቻችን የገደል ማሚቶ ብለው የሰው ስም የሰጧት ከሌላ ቦታ ሆና ስለምትመልስ ይመስለኛል።

ሁለተኛውን ሚክስ በዚህ ሐሳብ ጀመርኩት። ዋዛውን አንድ ሞኖ አድርጌ ከመሐል ትንሽ ወደ ግራ አስቀመጥኩት፤ አጭር፣ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ሪቨርብ ሰጥቼ እርሱንም ወደ ግራ ላስጠጋው ስል ሌላ ወጥመድ ገጠመኝ። በብዙ ፕሮግራሞች ላይ የስቴሪዮ ትራክ ፓን፣ ማለትም ድምፅን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማዞሪያው ቁልፍ፣ ሚዛን እንጂ እውነተኛ ፓን አይደለም። ወደ ግራ ስታዞረው ቀኙን ድምፅ ይቀንሰዋል እንጂ ወደ ግራ አያመጣውም፤ ቤቱ በመጠጋት ፈንታ አንድ ግድግዳው ይፈርሳል። ወደ ሪቨርቡ የሚላከውን ድምፅ ፓን ማድረግም ሁልጊዜ አይሠራም፤ ብዙ ሪቨርቦች ግራና ቀኙን ከመግቢያቸው ላይ ስለሚደምሩት አቅጣጫው እዚያው ይጠፋል። መፍትሔው የሪቨርቡን ስፋት አጥብቦ ሁለቱን ጎን በአንድነት ማንቀሳቀስ ነው። ሪፐርና ኩቤዝ የተባሉት ፕሮግራሞች ለዚህ የሚሆን ሌላ ዓይነት ፓነር አላቸው፤ ከምርጫው ውስጥ ማውጣት ብቻ ነው።

ዲሌዩን ለዘፋኙ ብቻ ተውኩለት፤ እርሱም በየስንኙ መጨረሻ፣ ዋዛው ባልገባበት ቦታ። የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ 100 ምት ስለሆነ 60,000ን ለ100 አካፍዬ 600 ሚሊ ሰከንድ አገኘሁ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ይህ ደርሶ መልስ 206 ሜትር ነው፤ ገደሉ ከዘፋኙ 103 ሜትር ርቆ ቆመ ማለት ነው። ዘፋኙን መሐል፣ ገደሉን ከዋዛው ተቃራኒ፣ ወደ ቀኝ አደረግሁት። ርቀት ድምፅን ያደበዝዛልና ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀነስኩ፤ ከ250 በታች ያለውም ከበሮውን እንዳያጨቀየው ቆረጥኩት። ይህን ሁሉ ያደረግሁት በሞኖ እየሰማሁ ነው። በስተመጨረሻ ወደ ስቴሪዮ ስመልሰው ሜዳው ተከፈተ፤ እንደ መጀመሪያው አልሰፋም፣ ግን 12ቱም ሰዎች ነበሩበት።

ዛሬ ከሞኒተሮቼ አጠገብ አንድ አሮጌ ስልክ ተቀምጧል። እርሱ ላይ ሳልሰማ ሥራ አላስረክብም። «ኢኮ ጨምርልኝ» የሚለኝም አልጠፋም፤ አሁን ግን መልሼ «ገደሉ በየት በኩል ነው?» እላለሁ። አብዛኞቹ ይስቃሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ያመለክቱኛል። ፓኑን የማዞረው ወደዚያ ነው።