ሁሉን አቀፍ ንድፍ በማስተማር ሥራ፤ ከገርጂ ደረጃዎች አንጻር ሲታይ

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ታሪክ ውስጥ ገርጂ የመነሻነት ስፍራ አላት። እ.ኤ.አ. በ2004 ግድም በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የሙከራው ግንባታ የተካሄደው በዚሁ ሰፈር ነው። በኋላ ከተማይቱን ያዳረሰው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ወጪን ለመቆጠብ ሲል የመረጠው ሊፍት የሌለውን ባለ ደረጃ ሕንፃ ነበር፤ ለአካል ጉዳተኞች የታሰበው ደግሞ በዕጣው ጊዜ የምድሩን ወለል ማስቀደም ነው።

አሠራሩ በጎ ነው፤ ንድፍ ግን አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ከሚኖር የክፍል ጓደኛው ዘንድ ወጥቶ ሊያጠና አይችልም። ደረጃው እንዳለ ቀርቶ የተወሰነው የልጁ ስፍራ ብቻ ነው።

ሁሉን አቀፍ ንድፍ የሚለውን ስያሜ ያስፋፋው አሜሪካዊው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ በልጅነቱ በፖሊዮ ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር የኖረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በማሳቹሴትስ የተቋቋመው ካስት የተባለው ማዕከል አሳቡን ወደ ትምህርት አሻገረው። ትምህርት ሲታቀድ ተማሪው የሚነቃቃበት፣ ዕውቀቱ የሚቀርብበትና ተማሪው ያወቀውን የሚገልጽበት መንገድ አንድ ብቻ እንዳይሆን ይጠይቃል።

በአገራችን ለዚህ ተቃራኒ የሚሆነው ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በዚያው በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛና ለሁሉም በአንድ ፍጥነት ይሰራጭ ነበር። መምህሩ ሊያቆመው ወይም ሊመልሰው አይችልም። ማየት የተሳነው ተማሪ ሥዕሉ ያመልጠዋል፤ መስማት የተሳነው ደግሞ አስተርጓሚ ቢገኝለት እንኳ በአንድ ዐይን ምስሉን፣ በሌላው የአስተርጓሚውን እጅ ሊመለከት አይችልም። እንግሊዝኛው የከበደው ተማሪም፣ ምንም ጉዳት ሳይኖርበት፣ ከእነርሱ ጋር ወደ ኋላ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ትምህርት የታቀደው በክፍሉ ውስጥ ላልነበረ አማካይ ተማሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሳቡ ከኮምፒዩተር አገር የመጣ ስለ ሆነ ለእኛ አይሠራም የሚለው ክርክር በከፊል ብቻ እውነትነት አለው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቅኔና ዜማ በቃል ስለሚሰጥ ማየት የተሳናቸው ሊቃውንት ወጥተውበታል፤ ለዚህ መሣሪያ አላስፈለገም። ሆኖም ይኸው የቃል ትምህርት መስማት ለተሳነው በሩን ዘግቶ መኖሩን ሸፍኖ ማወደስ አይገባም። በሰሌዳ የሚጻፈውን ድምፅ አሰምቶ ማንበብ፣ የሚነገረውንም በአጭሩ መጻፍ፣ ክፍሉ ቢጨናነቅም ከመምህሩ የሚጠይቀው ልምድ እንጂ በጀት አይደለም።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። እ.ኤ.አ. በ2010 አገራችን ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት ይደነግጋል። ከበሩ አልፎ የገባው ተማሪ የሚጠብቀው ግን የቀድሞው የትምህርት ዕቅድ ነው፤ ድጋፉ የሚታሰበው ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ስለ ሆነ፣ የምድሩን ወለል እንደ ማስቀደም ያለ ነው።

ከሁሉ የከፋው ችግር በምዘናው ላይ ይታያል። መምህሩ ተማሪው በቃል፣ በሥራ ወይም በሥዕል እንዲያስረዳ ዓመቱን ሙሉ ቢፈቅድለትም፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚቀበለው ከተሰጡት አማራጮች የተመረጠችውን አንዲት ፊደል ነው። የዕቅድ ባለሙያዎች ይህን እስኪመረምሩ ድረስ ሌላ መንገድ የከፈተው መምህር ጥር ከገባ ወዲያ ወደ ፈተናው ልምምድ መመለሱ የሚያስወቅሰው አይደለም።