አሸዋ መሳዮቹ

የፎራሚኒፌራ ለቀማ ጥሩ ዓይንና የማይንቀጠቀጥ እጅ ላለው ሰው ሁሉ የተመቸ ሥራ ይመስላል። ዓይኑም እጁም የግድ ነው። የለቃሚ ችሎታ የሚታወቀው ግን ሳህኑ ላይ ትቶት በተነሣው ነገር ነው። በማይክሮስኮፕ ፊት በቆየሁ ቁጥር ይህ እምነቴ እየጠነከረ መጥቷል፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

ፎራሚኒፌራ፣ እኛ በሥራ ቦታ አሳጥረን ፎራም የምንለው፣ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። አብዛኛው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ለራሱ ዛጎል ይሠራል፤ ከዛጎሉ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች እየዘረጋ ይበላል፣ ይሄዳል፣ ቤቱን ያስፋፋል። ሲሞት ዛጎሉ ጭቃው ውስጥ ይቀራል፤ ጭቃው ድንጋይ ሲሆን እሱም አብሮ ድንጋይ ይሆናል። የምንኖርበት የሳዑዲ ምሥራቃዊ አውራጃ በእነዚህ ዛጎሎች ላይ የቆመ አገር ነው። ጂኦሎጂስቶች የዳማም ፎርሜሽን ብለው በሰየሙት የኢዮሲን ዘመን የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ አንዱ ክፍል ስሙ ኹበር ነው፤ ሌላው ደግሞ የአልቬኦሊና የኖራ ድንጋይ ይባላል፣ አልቬኦሊና የፎራም ስም ናት። በኹበር ክፍል ውስጥ ያለችው ኑሙላይትስ የምትባል ፎራም የጊዛ ፒራሚዶች ድንጋይም የተሞላባት ናት። ግሪካዊው ስትራቦን ግብፅን በጎበኘ ጊዜ በፒራሚዶቹ ሥር የወዳደቁትን እነዚህን ቅንጣቶች ከግንበኞቹ ምሳ የተረፈ፣ ድንጋይ የሆነ ምስር ነው ሲባል መስማቱን ጽፏል። ምስር መምሰላቸው እውነት ነው።

እኔ የምኖረው አል ኹበር አሽ-ሸማሊያ ነው። ወደ ኮርኒሹ ወጣ ስል የማገኘው ባሕር ጥልቅ አይደለም፤ የባሕረ ሰላጤው አማካይ ጥልቀት 35 ሜትር ገደማ ነው። ከ20,000 ዓመት በፊት፣ በበረዶው ዘመን የዓለም ባሕሮች 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ባሉ ጊዜ፣ አሁን ጀልባ የሚሄድበት ወለል በአብዛኛው ደረቅ መሬት ነበር። ከከተማው በስተደቡብ ካለው የግማሽ ጨረቃ የባሕር ዳርቻ አንድ እፍኝ አሸዋ አንሥቶ በማጉያ ለሚያይ ሰው ፔኔሮፕሊስ የምትባል ፎራም ትታየዋለች፤ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሸክላ ሳህን የምታብረቀርቅ፣ ጀርባዋ ላይ የተሰመረ ቀጭን መስመር ያላት። በሰውነቷ ውስጥ አልጌ አኑራ ከፀሐይ ብርሃን ትጠቀማለች፤ ስለዚህ ጥልቀት አይስማማትም። ጨው ግን አይበግራትም። በውቅያኖስ 1 ኪሎ ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲይዝ እዚህ ከ40 ያልፋል፣ ወደ ሰልዋ ባሕረ ሰላጤ ሲወረድ ደግሞ ከ55 በላይ ይደርሳል።

አሁን ብርሃኑን አጥፉትና 4,000 ሜትር ውረዱ። ውሃው 2 ወይም 3 ዲግሪ ነው። ከላይ የሚጫነው ክብደት እኛ ከምንኖርበት የአየር ግፊት 400 እጥፍ ነው። የሚበቅል ነገር የለም። ምግብ የሚመጣው ከላይ ብቻ ነው፤ የሞተ አልጌ፣ የትንንሽ እንስሳት ኩስ፣ ርጋፊ። እሱም በመንገድ ላይ እየተበላ መጥቶ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ላይኛው ባሕር ካመረተው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። እንግዲህ የጥልቅ ባሕር ፎራም ኑሮ በሦስት ጥያቄ ይያዛል፦ ምግብ መቼ ይወርዳል፣ ኦክስጅን የት ድረስ ይደርሳል፣ ዛጎሉስ ሳይሟሟ ይቆያል ወይ።

ስለ መጀመሪያው ብዙ ያስተማሩን እንግሊዛዊው አንድሩ ጉዴይ ናቸው። በሰሜን አትላንቲክ በጸደይ ላይ አልጌ ሲፈነዳ ርጋፊው በሳምንታት ውስጥ ወለሉ ላይ አረንጓዴ ብናኝ ሆኖ ይተኛል። ጉዴይ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት በዚያ ብናኝ ውስጥ ገብተው በፍጥነት የሚበዙ ጥቃቅን ፎራሞች እንዳሉ አሳዩ፤ ዋናዋ ኤፒስቶሚኔላ ኤግዚጉዋ ናት። ጎረቤቶቿ ትንሿን ራሽን እየቆጠቡ ዓመቱን ሲገፉ እሷ ክረምቷን ጠብቃ ትዘራለች። ስለዚህ በጥንት ጭቃ ውስጥ ይህች ፎራም በዝታ ስትገኝ ላይኛው ባሕር ወቅት ጠብቆ የሚያብብ እንደነበር እንጠረጥራለን። የቤቷ ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ የሚያንስ ፍጡር 4 ኪሎ ሜትር ከበላይዋ ስለነበረው የአየር ጠባይ ትመሰክራለች። እኔ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ሁለተኛው ጥያቄ ጭቃው ውስጥ ያስገባናል። ወለሉ ላይ ኦክስጅን አለ፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ሲሄዱ ግን ያልቃል። ጠፍጣፋዋ ሲቢሲዶይደስ ከላይ ትቀመጣለች፤ ቀጫጭኖቹና ሞላላዎቹ፣ እነ ቦሊቪናና ግሎቦቡሊሚና፣ ኦክስጅን በተመናመነበት ይበረታሉ። ከግሎቦቡሊሚና ወገን የሆነች አንዲት ፎራም በሰውነቷ ውስጥ ናይትሬት አከማችታ በኦክስጅን ፋንታ በእሱ እንደምትተነፍስ እ.ኤ.አ. በ2006 ታወቀ። ለእኛ የቅርቡ ምሳሌ ከሆርሙዝ ባሻገር ያለው የዓረብ ባሕር ነው። እዚያ ከጥቂት መቶ ሜትር ጀምሮ እስከ 1,000 ሜትር አልፎ የሚዘልቅ ኦክስጅን የከዳው የውሃ ንብርብር አለ፤ ዓሣ የሚቸገርበትን ያንን ወለል ጥቂት የፎራም ዝርያዎች ሞልተውት ይገኛሉ። የቀይ ባሕር ጥልቀት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ 2,000 ሜትር ላይ እንኳ ውሃው ከ21 ዲግሪ አይወርድም። ጥልቅ ውሃ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው ብሎ የተማረ ሰው እዚያ ትምህርቱን ይከልሳል።

ሦስተኛው ጥያቄ ወደ ሥራዬ ይመልሰኛል። ጥልቀቱ 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ውሃው ከኖራ የተሠራን ዛጎል ያሟሟል። የሚያማምሩት ነጫጮቹ ይጠፋሉ። የሚቀሩት ከወለሉ ላይ ቅንጣት እየለቀሙ ቤታቸውን የሚገነቡት ናቸው፤ እነ ራብዳሚና፣ ባቲሲፎን፣ ሳካሚና። ቆሻሻ ቱቦ፣ የተጨራመተ ኳስ፣ የተሰበረ ጭራሮ ይመስላሉ። በደንብ ሲታዩ ግን ሌላ ናቸው። የአንዱ ቱቦ ግድግዳ ከስፖንጅ የመስታወት መርፌዎች የተሠራ ሲሆን መርፌዎቹ ሁሉ በቱቦው ርዝመት ልክ ተደርድረዋል፤ አንድም የተጋደመ የለም። የሌላዋ ኳስ በትልልቅ የኳርትዝ ቅንጣቶች ተገንብታ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በደቃቅ አሸዋ ተሞልቷል፣ ሁሉም በስሱ ሙጫ ተያይዟል። አእምሮም ዓይንም የሌለው አንድ ሕዋስ ድንጋይ ይመርጣል፣ ይጥላል፣ ያስተካክላል። እንዴት እንደሚመርጥ ማየት የፈለገ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በአንድ ቅንጣት ላይ ቢያሳልፍ አይቆጨውም።

ችግሩ ለቀማ ላይ ነው። ናሙናው በ63 ማይክሮን ወንፊት ይታጠባል፣ በዝቅተኛ ሙቀት ይደርቃል፣ ጥቁር ሳህን ላይ በስሱ ይበተናል። ዜሮ ዜሮ ዜሮ የሚባለውን ብሩሽ ጫፉን አርጥበን ዛጎሉን እያነሣን ሙጫ የተቀባ ስላይድ ላይ እንደረድራለን፤ ብዙ ጊዜ 300 እስኪሞላ። ናሙናው ከዛሬ ባሕር ከሆነ ሲነሣ በህይወት የነበረውን ከባዶ ቤቱ ለመለየት አስቀድሞ ሮዝ ቤንጋል በሚባል ቀለም ይነከራል፤ ሥጋ ያለበት ይቀላል። በጥቁር ሳህን ላይ ዓይን የሚሮጠው ወደ ነጩ ነው። እጅም ዓይንን ይከተላል። እንዲህ የተለቀመ የጥልቅ ባሕር ናሙና ወደ ዳር የወጣ፣ ምግብ የተትረፈረፈለት ባሕር መስሎ ይነበባል።

ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ ወጣት ጂኦሎጂስት አጠገቤ ተቀምጦ ሥራ ሲለምድ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የቀረው እኮ አሸዋ ብቻ ነው፤ ልድፋው?» አለኝ።

«አትድፋው። ብርሃኑን ከጎን አድርገውና እንደገና እየው። አሸዋ እንዲህ ቀዳዳ አለው?»

ዝም ብሎ ቆየና፣ «ይሄ ሁሉ ቤት ነው እንዴ?» አለ።

ከእርሱ በኋላ ለሚመጡትም ሁሉ የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ብርሃኑን ከጎን አምጣው፣ ቅንጣቱን በብሩሹ ገልብጠው፣ አፍ ፈልግለት፣ ሙጫ ፈልግለት፣ ከዚያ ፍረድ። የተሰበረ ቱቦንም ለብቻው ቁጠረው። ከአንድ ፍጡር አሥር ስባሪ ሊወጣ ስለሚችል ከሌሎቹ ጋር አንደምረውም፤ መኖሩን አለመጻፍ ግን ሐሰት ነው። እንዲህም ተጠንቅቀን የሚያመልጠን አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች በፓስፊክ፣ በቻሌንጀር ጥልቅ፣ ከ10,896 ሜትር የመጣ ደለል ውስጥ ሕያዋን ፎራሞች ማግኘታቸውን አሳወቁ። አብዛኞቹ ግድግዳቸው ለስላሳ ነበር፤ ኖራም አሸዋም የላቸውም። እንዲህ ያለው ናሙናው ሲደርቅ ተሸብሽቦ ይጠፋል፣ ድንጋይ ውስጥማ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ስላይዱ ላይ የተደረደረው ማኅበረሰብ ከነበረው የተረፈ ብቻ መሆኑን ሪፖርት የሚጽፍ ሰው መርሳት የለበትም።

እነዚህ አሸዋ መሳዮች ለነዳጅ ፍለጋ ያላቸው ውለታ የቆየ ነው። ፖላንዳዊው ዩዜፍ ግዢቦቭስኪ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በካርፓቲያን ተራሮች ካሉ የነዳጅ ጉድጓዶች የሚወጣውን የጥልቅ ባሕር ድንጋይ ንብርብር በንብርብር የለዩት በእነሱ ነው። ዛሬ ደግሞ እዚሁ ዘህራን፣ በንጉሥ ፋህድ የነዳጅና ማዕድናት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ማይክል ካሚንስኪ በዓለም ላይ እነዚህን ፎራሞች በማጥናት ከታወቁት ሊቃውንት አንዱ ናቸው። ሙያው በአጋጣሚ እዚህ አልደረሰም። ዳማም ቁጥር 7 የተባለችው ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 ነዳጅ የሰጠችው ከጁራሲክ ዘመን የኖራ ድንጋይ፣ ዓረብ ከሚባለው ፎርሜሽን ነው። የእሱ ክፍል የሆነው ዓረብ ዲ የሚባለው ንብርብር ከታች ወደ ላይ ሲነበብ እየጎደለ የሄደ ባሕር ታሪክ ነው። ከግርጌው ማዕበል በማይደርስበት ጸጥ ያለ ውሃ የኖሩት እነ ሌንቲኩሊናና ኖዶሳሪያ አሉ፤ ወደ ላይ ኩርኑቢያና ናውቲሎኩሊና ይተካሉ፤ ከዚያ ብርሃን የሚሹ አልጌዎች ይመጣሉ፤ በመጨረሻ ባሕሩ ተንኖ የቀረው አንሃይድራይት ከላይ ይከድነዋል፣ ነዳጁንም አምልጦ እንዳይወጣ የያዘው እሱ ነው። እዚህ ጥልቅ የምንለው ከውቅያኖሱ ወለል ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አነባበቡ ግን አንድ ነው። በዚህ አውራጃ ጉድጓድ በአግድም ሲቆፈር ከመሰርሰሪያው የሚወጣው ፍርፋሪ 30 ማይክሮን እስኪሳሳ ተፍቆ ቲን ሴክሽን ይሠራና፣ መሰርሰሪያው ከሚፈለገው ንብርብር ወጣ አልወጣ የሚለው በውስጡ በሚታዩት ፎራሞች ይወሰናል። በዚያ ሰዓት ማይክሮስኮፕ ላይ ያለው ሰው ፍጡሯ የት ትኖር እንደነበር ካላወቀ ስሟን ማወቁ ብቻውን አይረዳውም።

ኩርኑቢያ ፓላስቲኒየንሲስ ለእኔ ከሌሎቹ ትለያለች። በዚህ በዳማም ሥር ያለችው ፎራም በአገራችን በመቀሌ ዙሪያ በአንታሎ የኖራ ድንጋይ ውስጥም አለች። በዚያ ዘመን ቀይ ባሕር ገና አልተከፈተም፤ ዓረቢያና የአፍሪካ ቀንድ አንድ ምድር ነበሩ፣ ባሕሩም ሁለቱን አንድ ላይ አልብሷቸው ነበር። በአባይ ሸለቆ ገደል ላይ የሚታየው፣ ለሙገር ሲሚንቶ የሚፈጨውም የዚያው ባሕር ወለል ነው። እዚህ ያለው እያንዳንዱ ንብርብር ነዳጅ ስላለበት ደጋግሞ ተጠንቷል። የእኛው ግን ከሳይንሱ ይልቅ የሚታወቀው በሲሚንቶነቱና በግንብ ድንጋይነቱ ነው።

ስለዚህ በአገር ቤት ጂኦሎጂ ለምታጠኑና ለምታስተምሩ አንድ ልመና አለኝ። ወደ አባይ፣ ወደ ሙገር ወይም ወደ አንታሎ የመስክ ጉዞ ስትወጡ ከጠንካራው ድንጋይ መካከል ያለውን በእጅ የሚፈረፈር ማርል አትለፉት። የመጣበትን ቦታና የንብርብሩን ከፍታ ጽፋችሁ ከረጢት ውስጥ አስገቡት። በውሃ ዘፍዝፉት፣ በወንፊት እጠቡት። ወንፊት፣ ብሩሽና ተራ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ነጫጮቹን ከለቀማችሁ በኋላ ሳህኑ ላይ የቀረውን አትድፉት፤ በብልቃጥ አድርጋችሁ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ አስቀምጡት።