አረንጓዴዋ ወንበር

በጆርጂያ ግዛት ኦገስታ ከተማ፣ ሚያዝያ መባቻ ሰሞን በሚካሄደው የማስተርስ ጎልፍ ውድድር ከተጫዋቾቹ ይልቅ የምወዳት ነገር አለች፤ ታጣፊዋ አረንጓዴ ወንበር።

ተመልካቹ ማለዳ በሩ ሲከፈት ይገባል። መሮጥ ክልክል ነውና ጎረምሳው ሁሉ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዘ ይፈጥናል። ወንበሩን 18ኛው ጉድጓድ ዳር ይተክልና ጥሏት ይሄዳል። ሲዞር ቢውል ማንም አያነሳበትም። የደከመው አላፊ አረፍ ይልባታል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ብድግ ብሎ ይለቅለታል። የውሃ ወረፋ በጀሪካን ይዤ ላደግሁት ለእኔ ሥርዓቱ እንግዳ አልሆነብኝም፤ ያስገረመኝ ጠብ አለመኖሩ ነው።

ስልክ ይዞ መግባትም አይቻልም። ውጤቱ የሚታወቀው በእጅ ከሚቀየረው ሰሌዳና ከጥዶቹ ወዲያ ከሚሰማው ጩኸት ነው። የሰሌዳው ቁጥር ተነስቶ ሌላ እስኪገባ ሕዝቡ ትንፋሹን ይውጣል። ታይገር ዉድስ በ2019 እ.ኤ.አ. በ43 ዓመቱ ሲያሸንፍ የከበበው ሰው በዓይኑ ነበር የሚያየው። ስልክ ቢፈቀድ ያ ጩኸት ግማሹ በኪስ ውስጥ ይቀር ነበር።

አመሻሽ ላይ ስመለስ ወንበሬ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አይተውኝ ሊነሱ ሲሉ ሳላስበው «በእግዜር!» አልኩ። ቃሉ ባይገባቸውም እጄን አይተው መልሰው ተቀመጡ፤ እኔም ከኋላቸው ቆምኩ።