የፓስካል «የፈሳሾች ሚዛን» ከአሶሳ ሲመረመር

በትምህርት ቤቶቻችን የብሌዝ ፓስካል ስም ሦስት ጊዜ ይነሣል። መጀመሪያ በፊዚክስ ክፍል የግፊት መለኪያ ሆኖ፤ ሁለተኛ በሒሳብ ክፍል የቍጥሮች ሦስት ማዕዘን ባለቤት ሆኖ፤ ሦስተኛ በልጅነቱ ጂኦሜትሪን ያለ አስተማሪ ያገኘ ተአምረኛ ሕፃን ተብሎ። በሦስቱም ቦታ ተማሪው የሚያገኘው ስሙን ነው እንጂ ሥራውን አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፓስካል ስለ ፈሳሾች ሚዛንና ስለ አየር ክብደት የጻፋቸውን፥ ከሞተ በኋላ በ1663 በአንድ ጥራዝ የታተሙትን ሁለት አጫጭር ድርሳናት መመርመር፤ በጎውን በጎ፥ ጐደሎውንም ጐደሎ ብሎ ማሳየት ነው። ምርመራውን ከአሶሳ ማድረጋችን ለአገር ወዳድነት ብቻ አይደለም። ድርሳናቱ የሚናገሩላቸው ሁለት ነገሮች፥ ማለት ጥልቅ ውሃና ከፍታው የሚለዋወጥ ምድር፥ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአንድነት ስለሚገኙ ነው። የፈረንሳይን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

፩. ስለ ሕይወቱ በአጭሩ

ፓስካል በ1623 ሰኔ 19 ቀን ክሌርሞን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተች ያሳደገውም ያስተማረውም አባቱ ኤትየን ነው፤ ትምህርት ቤት አልገባም። በ16 ዓመቱ፥ በ1640፥ ስለ ኮን ቅርጾች አንዲት ወረቀት አሳተመ። አባቱ በሩዋን ከተማ በግብር ሥራ ተሹሞ በድምርና በቅናሽ ብዛት ሲደክም አይቶ ከ1642 ጀምሮ የሒሳብ መኪና ሠራለት። በ1654 ከፌርማ ጋራ በተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች የዕድል ሒሳብ መሠረት ተጣለ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በአንዲት ሌሊት መንፈሳዊ ለውጥ አገኘውና ከዚያ ወዲህ አሳቡ ይበልጡን ወደ ሃይማኖት አዘነበለ። ይሁን እንጂ በ1658 ስለ ሳይክሎይድ የሒሳብ ውድድር አወጣ፤ በ1662 ደግሞ በተወሰነ መንገድና በተወሰነ ዋጋ ሰው የሚጭኑ ሠረገላዎች በፓሪስ እንዲጀመሩ ካደረጉት አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ 19 ቀን በ39 ዓመቱ ዐረፈ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስለ ልጅነቱ የሚነገረው ተአምር ይበልጡን የመጣው እኅቱ ዥልቤርት ከጻፈችው የሕይወት ታሪክ ነው። ዥልቤርት ወንድሟን እጅግ የምትወድ፥ ጽሑፏም የቅዱሳንን ገድል የሚመስል ነው። ምስክርነቷ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የፍቅር ምስክር እንጂ የገለልተኛ ምስክር አይደለም። ለተማሪ ደግሞ ይህ ተረት ጉዳት አለው፤ ሳይንስ የሚሠራው ተአምረኛ ሆኖ የተወለደ ሰው ብቻ ነው የሚል ተስፋ አስቈራጭ አሳብ ያሳድርበታልና።

፪. የድርሳኑ ፍሬ አሳብ

የመጀመሪያው ድርሳን በአንድ እንግዳ በሚመስል ነገር ይጀምራል። ቅርጻቸው የተለያየ፥ ቁመታቸውና የታችኛው ቀዳዳቸው ስፋት ግን እኩል የሆነ ዕቃዎች እንውሰድ፤ አንዱ እንደ ጋን የሰፋ፥ ሌላው እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ይሁን። ሁሉም በውሃ ሲሞሉ የታችኛውን ውታፍ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኀይል እኩል ነው። በአንዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከሌላው መቶ እጥፍ ቢበልጥም ለውጥ የለም። ውሃ የሚገፋው በከፍታው መጠን ነው እንጂ በብዛቱ መጠን አይደለምና።

ቀጥሎ ሁለት ቀዳዳ ያለው የተዘጋ ዕቃ ያመጣል። አንዱ ቀዳዳ ከሌላው መቶ እጥፍ የሰፋ ቢሆን፥ በጠባቡ የሚገፋ አንድ ሰው በሰፊው የሚገፉትን መቶ ሰዎች ይመክታል። አንባቢ «ትርፉ ኀይል ከወዴት መጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የፓስካል መልስ የድርሳኑ እጅግ ያማረ ክፍል ነው፤ ጠባቡ መቶ ጣት ሲወርድ ሰፊው የሚነሣው አንድ ጣት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በኀይል የተገኘው በርቀት ተከፍሏል። ከነቀምት ወደ አሶሳ የሚጓዝ የጭነት መኪና ሾፌር ጎማ ለመቀየር የዘይት ክሪክ ሲያስገባ ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ይጨቍናል፥ መኪናው ግን ጥቂት በጥቂት ይነሣል።

፫. ድርሳኑና የጉባ ግድብ

በመተከል ዞን፥ በጉባ ወረዳ፥ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ 145 ሜትር ቁመት፥ 1,780 ሜትር ርዝመት አለው። ከበስተኋላው የተኛው ንጋት ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ግድብ በቡና ቤትም በመኝታ ክፍልም ሲወራ ደጋግሞ የሚሰማ አሳብ አለ፤ «ያ ሁሉ 74 ቢሊዮን ተደግፎ እንዴት ግንቡ ይችለዋል?» የሚል። ጥያቄው ከተፈጥሮ ሚዛን የመጣ ነው፤ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱንም ፓስካል ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመት በፊት አፍርሶታል። ሐይቁ ወደ ኋላ እጅግ ርቆ ቢተኛም፥ ወይም አሥር እርምጃ ብቻ ቢሆን፥ ጥልቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ የረጋው ውሃ በግንቡ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አንድ ነው። 74 ቢሊዮኑ የሚታሰበው ለኤሌክትሪክና ለዝናብ አልባው ወራት ነው፤ ለግንቡ የሚታሰበው ጥልቀቱ ነው።

ቍጥር እንመልከት። በ100 ሜትር ጥልቀት የውሃው ግፊት ወደ 980,000 ፓስካል ይሆናል። ግፊቱ ከላይ ከዜሮ ጀምሮ ወደ ታች እየጨመረ ስለሚሄድ፥ 100 ሜትር ውሃ በአንድ ሜትር የግንብ ወርድ ላይ የሚያሳርፈው ጠቅላላ ኀይል ወደ 5,000 ቶን ክብደት ይመዝናል። ጥልቀቱ ግማሽ፥ ማለት 50 ሜትር፥ ቢሆን ኀይሉ ግማሽ አይሆንም፤ ሩቡ፥ ማለት 1,250 ቶን ያህል ይሆናል። ዋናው ግድብ በአርማታ ተሞልቶ ሲሠራ፥ ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር፥ ቁመቱ ግን 50 ሜትር የሆነው የኮርቻ ግድብ በድንጋይ ሙሌት መሠራቱን ስናስብ ይህን ልዩነት ማስታወስ ይጠቅማል።

ሌላም ነገር አለ። የፓስካል ድርሳን የሚያስተምረው ውሃ ወደ ጐንና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም እንደሚገፋ ነው። ይህን መርሳት ደም አፍስሷል። በገዛ አገሩ በፈረንሳይ፥ በኤፒናል አጠገብ የነበረው የቡዜ ግድብ በ1895 ተሰብሮ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። መሐንዲሶቹ የግንቡን ክብደትና የውሃውን የጐን ግፊት ቢያሰሉም፥ በግንቡ ስንጥቅና ከሥሩ የሚሰርገው ውሃ ግንቡን ወደ ላይ እንደሚያነሣው በሚገባ አላሰቡም ነበር። የፓስካል ስም በትምህርት ቤታቸው ሁሉ ይጠራ ነበር፤ ነገሩ ግን በስሌታቸው ውስጥ አልገባም። ስም ማወቅና ነገር ማወቅ ሁለት መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

፬. የተራራው ሙከራ

ሁለተኛው ድርሳን ስለ አየር ነው። ቶሪቼሊ በ1644 በባዜቃ የተሞላ የመስተዋት ቧንቧ ገልብጦ ባዜቃው በተወሰነ ከፍታ ላይ እንደሚቆም አሳይቶ ነበር። ባዜቃውን ያቆመው የአየር ክብደት ከሆነ፥ ወደ ተራራ ሲወጣ አየሩ ስለሚያንስ ባዜቃውም ዝቅ ማለት ይገባዋል። በ1648 መስከረም 19 ቀን የዥልቤርት ባል ፍሎራን ፔሪዬ ፓስካል በጠየቀው መሠረት ይህን በፕዊ ደ ዶም ተራራ ላይ ሞከረ። በዛሬው መለኪያ ቢመለስ ባዜቃው ክሌርሞን ላይ 71.2፥ ተራራው ራስ ላይ 62.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ።

በዚህ ሙከራ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ተራራ የወጣው ሰው ሳይሆን ከታች የቀረው ነው። ሻስተን የተባሉ መነኵሴ በገዳሙ አትክልት ቦታ ሌላ ቧንቧ ይዘው ቀኑን ሙሉ ሲመለከቱ ዋሉ፤ ባዜቃው አለመነቃነቁንም መሰከሩ። እርሳቸው ባይኖሩ ኖሮ «ለውጡ የመጣው ከቀኑ ጠባይ ነው» የሚል ተከራካሪ አፉን የሚዘጋ አያገኝም ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,570 ሜትር ትገኛለች፤ የንጋት ሐይቅ ሲሞላ ወለሉ 640 ሜትር ነው። ልዩነቱ ወደ 930 ሜትር ስለሆነ ከፔሪዬ ተራራ ጋራ ይቀራረባል። በመደበኛው የአየር ስሌት ባዜቃ በአሶሳ ወደ 63፥ በሐይቁ ዳር ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ይቆማል። እንግዲህ ፔሪዬ ደክሞ የወጣበት የተራራ ራስ ለአሶሳ ሰው የዘወትር መኖሪያው ነው፤ ክሌርሞንም እንደ ጉባ ቈላ መሆኗ ነው።

ይህ ለጨዋታ ብቻ የሚነገር አይደለም። የመማሪያ መጻሕፍት ባዜቃ 76 ሴንቲ ሜትር ይቆማል፥ በመምጠጥ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ 10.3 ሜትር ድረስ ያነሣል፥ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለው ያስተምራሉ። እነዚህ የባሕር ዳርቻ ቍጥሮች ናቸው። በአሶሳ የመምጠጫ ፓምፕ ወሰን ቢበዛ ወደ 8.5 ሜትር፥ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 7.8 ሜትር ነው፤ በሥራ ላይ ከዚህም ያንሳል። በአሶሳ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። መጽሐፉን አምኖ በ9 ሜትር ጥልቀት ጕድጓድ ላይ የመምጠጫ ፓምፕ የሚተክል ሰው ውሃ አያገኝም፤ ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎም ይፈታታዋል። የተበላሸው ግን ቍጥሩ ነው።

፭. የድርሳናቱ ጐደሎ

ሒስ ምስጋና ብቻ ከሆነ ሒስ አይባልም። በፓስካል ሥራ ሦስት ጐደሎዎች ይታዩኛል።

አንደኛ፥ ከርሱ በፊት የደከሙትን በሚገባ አያነሣም። የመጀመሪያውን እንግዳ ነገር ሲሞን ስቴቪን በ1586 ጽፎት ነበር። ፓስካል ያማረ ሥርዐት ሰጠው እንጂ ከምንም አልፈጠረውም። የተራራውንም ሙከራ አሳብ ዴካርት «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብሏል፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ አልተቋጨም።

ሁለተኛ፥ የተደረገውንና የታሰበውን ሙከራ አይለይም። በድርሳኑ ውስጥ አንድ ሰው ከጥልቅ ውሃ በታች ተቀምጦ የረጅም ቧንቧ ጫፍ በጭኑ ላይ ሲያስደግፍ እናነባለን። ሮበርት ቦይል በ1666 ይህን አንሥቶ ሰውየው እንዴት ከውሃ በታች እንደ ቆየ ፓስካል አለመናገሩን፥ መሣሪያዎቹም በዚያ ዘመን እጅ ለመሥራት እጅግ የሚያስቸግሩ መሆናቸውን ገልጾ ነቀፈ። ነቀፋው ትክክል ነው። መደምደሚያው እውነት ሆኖ መገኘቱ ያልተደረገን እንደ ተደረገ አድርጎ መጻፍን ንጹሕ አያደርገውም።

ሦስተኛ፥ ድርሳኑ የሚናገረው ስለ ረጋ ውሃ ብቻ ነው። ስለሚፈስስ ውሃ፥ ስለ ጎርፍና ስለ ደለል ዝም ይላል። ይህ ግን ነውር ሳይሆን ወሰን ነው፤ ወሰኑን ማወቅ የአንባቢው ፋንታ ነው።

፮. መደምደሚያ

ፓስካል በወጣትነቱ ስለ ባዶ ቦታ ሊጽፍ ላሰበው መጽሐፍ ባዘጋጀው መቅድም የጥንት ሰዎች ሥልጣን በታሪክና በሃይማኖት ትምህርት እንደሚጸና፥ በተፈጥሮ ምርመራ ግን ዳኞቹ ሙከራና አእምሮ መሆናቸውን ተከራክሯል። እንግዲህ እኛ ፓስካልን በሥልጣኑ ብቻ ተቀብለን ለፈተና ብንሸመድደው፥ ያከበርነው እየመሰለን የተቃወመውን ነገር በስሙ ማድረጋችን ነው።

ስለዚህ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ተማሪዎች፥ ለመምህራኖቻችንም አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የፔሪዬን ሙከራ በክልላችን እንድገመው። ባዜቃ መርዝ ስለሆነ አያስፈልገንም፤ የአየር ግፊት የሚለካ ተራ ባሮሜትር፥ ወይም ይህ መሣሪያ ያለባቸው የእጅ ስልኮች ይበቃሉ። አንዱ ቡድን ወደ ሐይቁ ዳር ይውረድ፤ ሌላው ቡድን አሶሳ ተቀምጦ እንደ መነኵሴው እንደ ሻስተን ቀኑን ሙሉ ይመልከት። የተገኘው ቍጥር ከላይ ካሰላሁት ጋራ ባይስማማ እጅግ ደስ ይለኛል፤ ልዩነቱ የሙቀት ይሁን የአየር ጠባይ ወይም የእኔ ስሕተት የምንከራከርበት የራሳችን ነገር ይኖረናልና። ከታች ተቀምጦ ለሚመለከተው ቡድን ስሜን ከወዲሁ አስመዝግቤአለሁ።