የምርመራ መስፈርት ሲሟላ ምርመራው ተጠናቀቀ ማለት ነውን? ስለ ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም ሂሳዊ ምልከታ

ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም እምብዛም የማያጋጥም፣ ሕመሙ የበረታና በፍጥነት የሚሰፋ የቆዳ ቁስል ነው። ስያሜው ራሱ አሳሳች ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች በሽታውን ሲገልጹ መንስኤው ባክቴሪያ እንደሆነ ገምተው ነበር። ዛሬ ግን ኢንፌክሽንም ጋንግሪንም ሳይሆን፣ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚበዙበት ብግነት መሆኑ ይታወቃል። በመሆኑም ስያሜውን አምኖ ቁስሉን ደጋግሞ የሚቆርጥ ሐኪም ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል፤ ቆዳው በተጎዳ ቁጥር ቁስሉ ሊሰፋ ወይም አዲስ ቁስል ሊፈጠር ይችላልና።

ተቃራኒው ስሕተትም ከዚህ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የዚያው ክሊኒክ ጥናት፣ በዚህ በሽታ ስም ሲታከሙ ቆይተው ሕመማቸው የደም ሥር መዘጋት፣ የደም ሥር ብግነት፣ ካንሰር ወይም ኢንፌክሽን ሆኖ የተገኘ ሕሙማንን አቅርቧል። ስለዚህ መስፈርት ማስፈለጉ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው መስፈርቱ ምን ያስቀድም የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የቀረበው መስፈርት ለቁስሉ ሌላ መንስኤ አለመኖሩን ማረጋገጥን ግዴታ አድርጎ ነበር። በ2018 በባለሙያዎች ስምምነት የወጣው ግን አንድ ዐቢይና ስምንት ንዑሳን ነጥቦችን ይዟል። ዐቢዩ ከቁስሉ ጠርዝ በተወሰደ ናሙና የኒውትሮፊል ክምችት መታየቱ ሲሆን፣ ከንዑሳኑ ቢያንስ አራቱ መሟላት አለባቸው። ናሙና መውሰድን በማስቀደሙ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ቁስሉ ይባባሳል በሚል ፍርሃት ናሙና ሳይወሰድ መቅረት የለበትምና።

ይሁን እንጂ ሁለት ድክመቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ኢንፌክሽን አለመኖሩን ማረጋገጥ ከስምንቱ ነጥቦች አንዱ ብቻ ሆኗል። ኒውትሮፊል በኢንፌክሽን ቁስልም ስለሚገኝ፣ ሌሎች አራት ነጥቦች ከተሟሉ ኢንፌክሽን ሳይፈተሽ መስፈርቱ ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት በተጀመረ በአንድ ወር ውስጥ ቁስሉ መቀነሱ እንደ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ይህም ሕክምናውን የምርመራው ማስረጃ ያደርገዋል፤ የደም ሥር ብግነትም በፕሬድኒሶሎን ሊሻሻል እንደሚችል ግን ሊዘነጋ አይገባም።

ቁንጭር፣ የቆዳ ቲቢና ጥልቅ የፈንገስ በሽታ በሚያጋጥሙባት ኢትዮጵያ ይህ የነጥብ ቆጠራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለብግነት የታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ያልታወቀውን ኢንፌክሽን ሊያስፋፋ ይችላል። መድኃኒቱ ለትክክለኛው ሕመምተኛ ሲሰጥም ዋስትና የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የብሪታንያ ንጽጽራዊ ጥናት ፕሬድኒሶሎንም ሆነ ሳይክሎስፖሪን ከወሰዱት ሕሙማን በስድስት ወር ውስጥ የዳኑት 47 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከባድ ኢንፌክሽንም በፕሬድኒሶሎን ወሳጆቹ ላይ በርክቶ ታይቷል።

ስለሆነም የ2018ቱ መስፈርት አገልግሎት ላይ ሲውል የኢንፌክሽን ፍተሻው ከንዑስ ነጥብነት ወደ ቅድመ ሁኔታነት ከፍ ሊል ይገባዋል። ከጠርዙ የሚወሰደው ናሙና ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ለህብረ ሕዋስ ምርመራ፣ ሌላው ለባክቴሪያ፣ ለቲቢ፣ ለፈንገስና ለሌሽማኒያ ምርመራ ይዋል። ቁስሉ በሕክምናው ካልተሻሻለም መጠን ከመጨመር በፊት ምርመራውን እንደገና መጠየቅ ይቀድማል።